ወፍራም ክር፣ ቀጭን ሽቦ

አንድ የሙዚቃ ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ የተመልካቹ ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው በድምፃዊው ላይ፣ ቀጥሎም በሳክስፎኑና በሊድ ጊታሩ ላይ ነው። ከድራሙ አጠገብ ቆሞ አራት ወፍራም ክሮችን የሚመታው ቤዝ ተጫዋች ግን ብዙውን ጊዜ ልብ የሚለው አያገኝም። ስሙም ቢሆን በካሴት ልባስ ላይ ከተጻፈ የሚጻፈው በደቃቅ ፊደላት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ግን ስለ ተጫዋቹ ክብር አይደለም። የምንከራከረው ቤዝ በአገራችን መድረኮች ላይ ተገቢ ድምፁን የሚያጣው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ምክንያት መሆኑን፣ መፍትሔውም ገንዘብ ካለው አስመጪ ይልቅ የፊዚክስ ደብተር ከያዘው ተማሪ ዘንድ የሚገኝ መሆኑን ነው። ይህንንም ስንል በዓይነ ኅሊናችን የያዝነው የአዲስ አበባን ትላልቅ አዳራሾች ሳይሆን እንደ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢትና ካራቆሬ ያሉትን የይፋት ቆላ ከተሞች፣ በተለይም በእነዚህ ከተሞች የሚገኙትን ትምህርት ቤቶች ነው።

የቤዝ ጊታር ዕድሜ ረጅም አይደለም። ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ ፕሪሲዥን ቤዝ የተሰኘውን መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ይህ ሰው ሙዚቀኛ አልነበረም፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ለጽሑፋችን ይህ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ዋጋ አለው። መሣሪያው ከሃያ አምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በአዲስ አበባ የራሱን አነጋገር አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ደግሞ የመላከ ገብሬን ጣቶች ይዟል። ከሰባት ዓመት በኋላ በዋሽንግተን የተሰባሰበው አድማስ ባንድ ሥራውን ሲያሳትም ቤዝ ተጫዋቹ ሄኖክ ተመስገን ነበር። እነዚህ ሙዚቀኞች ከፊታቸው የተደቀነው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። የአገራችን ሙዚቃ በዜማና በምት ላይ የቆመ እንጂ በተደራረበ ድምፅ ላይ የቆመ ባለመሆኑ፣ ከከበሮውና ከክራሩ መካከል ለቤዝ የሚሆን ባዶ ቦታ ተዘጋጅቶ አልጠበቃቸውም። ቦታውን ፈልገው፣ ምቱንም ቅኝቱንም ሳያፈርሱ ገቡበት። ከቅኝቶቹ አንዱ ስሙን ያገኘው በአጣዬ በኩል አልፎ ኮምቦልቻ የሚደርስ መንገደኛ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ከሚያገኛት ከባቲ ከተማ መሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ እናስታውሳለን።

ሸክላው በካሴት ከተተካ በኋላ ይህ ሙዚቃ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የተሰራጨው በአውቶቡስና በሻይ ቤት ቴፕ ነው። የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ 41.2፣ 55፣ 73.4 እና 98 ሄርዝ ገደማ የሆነ ድግግሞሽ አላቸው። የእጅ መዳፍ የምታህል የቴፕ ስፒከር ግን ከ150 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ በቅጡ ማውጣት አትችልም። ታዲያ አድማጩ የጆቫኒ ሪኮን ወፍራም ክር በምን ሰማው? ከአየሩ ውስጥ አልሰማውም፤ በአእምሮው ሠራው። አንድ ክር ሲመታ መሠረታዊው ድግግሞሽ ብቻ ሳይሆን የዚያ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የሆኑ ድምፆችም አብረው ይወጣሉ። መሠረታዊው ቢጠፋም እንኳ ጆሮና አእምሮ ከቀሩት እጥፎች ተነሥተው የጠፋውን ይሞሉታል። ይህን ክሥተት አውጉስት ዜቤክ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1841 ገልጾታል።

የእኛ አባቶች ይህን ባሕርይ በስም ባይጠሩትም በእጃቸው ያውቁት ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። በገና በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው። እንዚራ የሚባሉት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች በክሩና በመቀመጫው መካከል ሲገቡ ክሩ እየነካካቸው ይነዝራል፤ ንዝረቱም ከላይ የጠቀስናቸውን እጥፎች ያበዛል። እጥፎቹ ሲበዙ ዝቅተኛው ዜማ ለጆሮ ይጎላል። በዘመናችን ቤዝ ተጫዋቾች ድምፃቸውን ሆን ብለው ለማሻከር በእግር የሚረግጡት የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን የሚሠራውም ይህንኑ ነው። በገናው ግን ባትሪ አልጠየቀም።

ወደ ሽቦው እንምጣ። በቤዝ ጊታሩ ክሮች ሥር የተቀመጠው ፒክአፕ መግነጢስና ጥቅል ሽቦ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሽቦው ከሰው ፀጉር የማይወፍር፣ ውፍረቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ መዳብ ሲሆን ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። የብረት ክሩ ከመግነጢሱ በላይ ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የመግነጢስ ፍሰት ይለዋወጣል፤ ፍሰቱ ሲለዋወጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘውና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ለፈተና የሚሸመድደው ሕግ ነው። እንሸመድደዋለን እንጂ አንሰማውም፤ ቅሬታችንም ከዚህ ይጀምራል። ቤዝ ጊታር ባለበት ክፍል ውስጥ የፋራዴይ ሕግ የሚደመጥ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን እንመልከት። በባህል ቡድኖቻችን ውስጥ ቤዝ ክራር ከተለመደ ቆይቷል። ይህ ፈጠራ እጅግ የሚያስደስተን ነው፤ የውጭ መሣሪያ ከመገልበጥ ይልቅ የራስን መሣሪያ ወደ ታች ማስረዘም ስለሆነ። ይሁን እንጂ ክራር ሠሪው ወይም ተጫዋቹ በክራሩ ላይ የጊታር ፒክአፕ ቢያስር፣ ክሩም ናይለን ቢሆን፣ ምንም አይሰማም። ናይለን መግነጢስን አያውክምና። ስለዚህ ሌላ መንገድ ይፈለጋል፤ መንገዱም ፒየዞ የሚባለው፣ በሕፃናት መጫወቻና በማንቂያ ደወል ውስጥ የሚገኘው፣ ሳንቲም የመሰለ ስስ የነሐስ ዝርግ ነው። ሲርገበገብ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ለክሩ ዓይነትም ደንታ የለውም። ከተበላሸ መጫወቻ ውስጥ ወጥቶ፣ በሁለት ሽቦ ተበይዶ፣ በክራሩ ሆድ ላይ ተጣብቆ ወደ ሚክሰር ይሰካል። ድምፅ ይወጣል። የሚወጣው ድምፅ ግን ቆርቆሮ የሚጭር ይመስላል፤ ቤዙ የለም። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ ክራሩ አይረባም፣ ተጫዋቹ አልበሰለም፣ የውጭ ዕቃ ካልመጣ አይሆንም።

ሦስቱም ፍርዶች ስሕተት ናቸው ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንም ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፒየዞ በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ 20 ናኖፋራድ ገደማ የሆነ ካፓሲተር ነው። የብዙ ሚክሰሮች የላይን ግቤት ደግሞ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ካፓሲተርና ሬዚስተር እንዲህ ሲገናኙ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን የሚያግድ ማጣሪያ ይሆናሉ፤ የማገጃው ወሰን አንድ ሲካፈል ለሁለት ፓይ፣ ለሬዚስታንሱና ለካፓሲታንሱ ብዜት ነው። አንባቢ ደብተሩን አውጥቶ ያስላው። መልሱ 800 ሄርዝ ገደማ ነው። እንግዲህ ከ800 ሄርዝ በታች ያለው ሁሉ እየደከመ ይሄዳል ማለት ነው፤ የቤዝ ክሮቻችን ግን ሁሉም ከ100 ሄርዝ በታች ናቸው። ክራሩ ቤዙን አውጥቶ ነበር፤ በሶኬቱ በር ላይ ተቀማ።

ግቤቱ 10 ኪሎ ኦም መሆኑ ቀርቶ 1 ሜጋ ኦም ቢሆንስ? ወሰኑ 8 ሄርዝ ገደማ ላይ ይወርዳል፤ ይህም ጆሮ ከሚሰማው በታች ነው። 1 ሜጋ ኦም ግቤት ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ኤፍ ኢ ቲ ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ አንድ ወይም ሁለት ካፓሲተርና የ9 ቮልት ባትሪ ነው። ከአሮጌ ሬዲዮና ከተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ የሚነቀሉ ዕቃዎች አብዛኛውን ይሸፍናሉ። በየከተማው ያሉት ቴፕና ሬዲዮ ጠጋኞች በመሳቢያቸው ያከማቹት ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የመውጫው ካፓሲተር 0.1 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ ከሚክሰሩ 10 ኪሎ ኦም ጋር ሲገናኝ ወሰኑ 160 ሄርዝ ላይ ይሆንና በፊት በር የገባው ቤዝ በኋላ በር ይወጣል። 1 ማይክሮፋራድ ቢደረግ 16 ሄርዝ ነው፤ ያልፋል። መበየጃ የያዘ ሁሉ ሳይንቲስት አይደለም የሚሉ ወገኖች በዚህ ነጥብ ላይ እውነት አላቸው። በግምት የሚበየድ ዕቃ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ ለምን እንደሠራም ሠሪው አያውቅም። ስሌቱ ሲጨመርበት ግን ጠጋኙና ተማሪው አንዱ ለሌላው የሚያስፈልጉ ሰዎች ይሆናሉ።

ስለ ድምፅ ማጉያዎች ጥቂት ብለን እንለፍ። በሠርግና በበዓል መድረክ ላይ «ቤዙ ይጨመር» የሚል ጥያቄ ሲነሣ የሚጠመዘዘው ቁልፍ ምን እንደሚያስከፍል ብዙዎች አያውቁም። ቤዙን በ10 ዲሲቤል መጨመር ማለት በዚያ የድምፅ ክልል ከማጉያው አሥር እጥፍ ኃይል መጠየቅ ማለት ነው። 20 ዋት ሲሰጥ የነበረ ማጉያ 200 ዋት ይጠየቃል፤ ከሌለው ሞገዱን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠውም ሞገድ ስፒከሩን ያቃጥላል። በዚያ ላይ ድግግሞሹ በግማሽ ዝቅ ሲል፣ እኩል ጉልበት ያለው ድምፅ እንዲወጣ የስፒከሩ ወረቀት አራት እጥፍ ርቀት ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ አለበት። ጆሮም በበኩሉ ዝቅተኛ ድምፅን በቀላሉ አይሰማም፤ ይህን ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተውታል። ተፈጥሮ በቤዝ ላይ ሦስት ጊዜ ቀረጥ ጥላበታለች ማለት ይቻላል።

ከጣርማ በር ብርድ ወደ ይፋት ሙቀት የሚወርድ ባንድ አጣዬ ደርሶ መሣሪያውን ሲያወጣ ክሮቹ ረግበው ያገኛቸዋል፤ ብረት በሙቀት ይረዝማልና። ይህ በመቃኛው ይስተካከላል። የማይስተካከለው እምምም የሚለው የኤሌክትሪክ ጩኸት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በቤዝ ጊታር ወፍራም ክር ሦስተኛ ቤት ላይ የሚገኘው ሶል የሚባለው ኖታ ደግሞ 49 ሄርዝ ነው። ጩኸቱ ከኖታው ከግማሽ ቶን አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ተጫዋቹ ያንን ኖታ ይዞ ቢያቆየው ሁለቱ ድምፆች እየተደጋገፉና እየተጣፉ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላሉ። መብራት ሲጠፋና ትንሽ ጄኔሬተር ሲነሣ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይጥማል፤ ጄኔሬተሩ ሲጫንበት ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ጩኸቱም ዝቅ ይላል። ጥሩ ጆሮ ያለው ቤዝ ተጫዋች የጄኔሬተሩን ድግግሞሽ ያለ መሣሪያ ሊለካ ይችላል ብንል ማጋነን አይደለም። በከፍታ ከ49 በታች የወረደ እንደሆነ አንድ ዕቃ ከሶኬቱ ይነቀል።

ከዚህ በኋላ የምንለው ግን ቀልድ የለበትም።

ጩኸቱን ለማጥፋት ሲባል የማጉያው መሰኪያ ላይ ያለው ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ ይቆረጣል፤ ወይም ሦስት እግር ያለው መሰኪያ ሁለት እግር ብቻ በሚቀበል ዲቫይደር ላይ ይሰካል። ጩኸቱ አንዳንዴ በእርግጥ ይጠፋል። የቤዝ ጊታሩ ክሮች ግን በኬብሉ በኩል ከማጉያው የብረት አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። በማጉያው ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላጥና አካሉን ቢነካ፣ መሬት የሚወስደው መንገድ ስለተቆረጠ 220 ቮልት በክሮቹ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ተጫዋቹ ክሩን ይዞ ብቻውን ሲቆም፣ ጫማውም ደረቅ ከሆነ፣ ላይታወቀው ይችላል። ለመዝፈን ጠጋ ብሎ ከሌላ ማጉያ ጋር የተያያዘውን ማይክሮፎን በከንፈሩ ሲነካ ግን ኤሌክትሪኩ መንገዱን በእጁና በደረቱ በኩል ያገኛል። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 መድረክ ላይ የሞተው ኧርዝ ያልተደረገ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። ዕድሜው ሠላሳ እንኳ አልሞላም ነበር።

አጣዬ በ2013 ዓ.ም በደረሰባት ጥቃት ክፉኛ መቃጠሏ ይታወሳል። ቤቶች፣ ሱቆችና የሕዝብ መገልገያዎች ወድመዋል። የተቃጠለ ከተማ እንደገና ሲሠራ ግድግዳና ቆርቆሮ ቀድመው ይነሣሉ፤ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ፣ በተለይም መሬት ውስጥ የሚቀበረው የኧርዝ ዘንግ ለዓይን ስለማይታይ ይረሳል። ሰዎች ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ስለ ጊታር ማውራት ቅንጦት ነው ሊሉን ይችላሉ። ተቃውሞውን እናከብራለን፤ አንቀበለውም እንጂ። በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ለሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን ኧርዝ ያለው ሶኬት ካለ፣ ለኮምፒዩተር ክፍሉም፣ ለቤተ ሙከራውም አለ ማለት ነው። ለቤዙ ከሌለ ለማንም የለም። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቤዝ ተጫዋቹ ቀድሞ የሚነዝረው ሰው ስለሆነ ቀድሞ ይጠይቀዋል።

ሌላው ተቃውሞ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ስለ ባንድ ዕቃ መጨነቅ ቅደም ተከተሉን የሳተ ነው የሚል ነው። እኛ ደግሞ ሚኒ ሚዲያው ራሱ ቤተ ሙከራ ነው እንላለን። በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ማጉያ፣ ማይክሮፎንና ስፒከር አለ። ከተበላሹም በዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፈው ተቀምጠዋል። በዚያው ግቢ ውስጥ የፊዚክስ መምህሩ ያለ ምንም ሽቦ ስለ ጥቅል ሽቦ ያስተምራል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ቁልፍ መከፈት ነበረባቸው። የንብረት ክፍል ኃላፊዎች ተማሪ ዕቃ ያበላሻል ብለው መስጋታቸው ግን ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ ወሰን እናበጅ። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ማናቸውም ነገር በተማሪ ይከፈት፣ ይበየድ፣ ይበላሽም። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ማናቸውም ነገር ግን በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ካልሆነ አይከፈት፤ ከሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪኩን ይዘው ይቆያሉና።

አጣዬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካከል፣ በአንዱ አስፋልት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የሁለቱም የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት የዕረፍት ወራት፣ አንድ ጠረጴዛ ይዘው ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ቢመጡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በጠረጴዛው ላይ ሁለት መበየጃ፣ ሁለት ቴስተር፣ ጥቂት ፒየዞ፣ ጥቂት ኤፍ ኢ ቲ ይኑር። የከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ ተማሪ ሆኖ ሳይሆን አስተማሪ ሆኖ ይጠራ፤ የተቃጠለ ክፍልን በማሽተት ብቻ መለየትን ከእርሱ የተሻለ የሚያስተምር የለምና። ክራር ያለው ክራሩን፣ ጊታር ያለው ጊታሩን ይዞ ይምጣ። እያንዳንዱ ተማሪ ከመበየዱ በፊት የማጣሪያውን ወሰን በደብተሩ ላይ አስልቶ ያሳይ፤ ከበየደ በኋላም በጆሮው ያረጋግጥ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ግን ይህ አይሁን። ባለሙያው ከተማሪዎቹ ጋር በአዳራሹ ይዙር፤ እያንዳንዱን ሶኬት በቴስተር ይለካ፤ በፌዝና በኧርዝ መካከል 220 ቮልት ገደማ ካላነበበ ቁጥሩን ጽፎ በሶኬቱ ላይ ይለጥፍ። በማግስቱ በማይክሮፎኑና በቤዙ ክር መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለካ፤ ዜሮ አካባቢ ካልሆነ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ማንም አይንካው። ቤዙ የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው።